በራችንን ያንኳኳው ኮች ቶሌራ

አይሆንም። ሌላ ቶሌራ ነው የሚሆነው ብዬ ለሁለት ሰው ደወልኩ። ከዚያ ለራሱ ደወልኩ። ባለቤቱ አነሳች። "ሳሮንዬ..." ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ኮች ቶሌራ ዛሬ ጠዋት ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ፣ ቤቱ ደጅ ላይ በረዶ ሲዝቅ ወደቀ። አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ።

ሐሙስ ዕለት እኮ ቴክስት አድርጎልኝ ነበር! "የልጅሽ ሳል ተሻለው ወይ?" ብሎ። "ተሽሎታል" አልኩት። ምን ነበር ትንሽ ባወራው? እንዴት ነህ እንኳን አላልኩትም።

ለማታውቁት፦ ቶሌራ ነርስ ነበር። እሁድ እሁድ ጎረቤት ከተማ ኢገን ውስጥ የኛን ልጆች ኳስ ያሰለጥናል። ልምምዱ ሲያልቅ ወንዶቹን ሳር ላይ ያስቀምጥና ማንም የማይነግራቸውን ይነግራቸዋል። ስለ ኮንዶም፣ ስለ በሽታ፣ ስለ እርግዝና። ልጆቻቸውን ከቡድኑ ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። ባለጌ ያሉትም አሉ። እሱ ግን "ሴቶቹን ተጠንቀቂ፣ ተጠንቀቂ እያልን እናስጨንቃለን። ወንዶቹን ማን ያናግራቸው?" ይል ነበር።

ልጅ እንዳለኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔና ልጄ እንዴት እንደተረፍን ግን አታውቁም። ዛሬ ልናገር። በአማርኛ የምጽፈው እናትና አባቶች እንዲያነቡት ነው።

አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሆዴን በትልቅ ሁዲ ደብቄ ሰባተኛ ወር ውስጥ ገባሁ። ሐኪም የሚባል አላየኝም። የሚያውቀው የልጄ አባት ብቻ ነው፤ እኩያዬ፣ የቶሌራ ተጫዋች። በኋላ ላይ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ፊቴ አበጠ፣ ጫማ እምቢ አለኝ። እማዬ "ስልክ ላይ አፍጥጠሽ እያደርሽ ነው" አለችኝ። እኔም ሁዲዬን ወደ ታች ስቤ ክፍሌ ገባሁ። የልጄ አባት ግን ፈራ። እሁድ ከልምምድ በኋላ ለኮች ነገረው።

ኮች ነገ አላለም። በዚያው ሰዓት፣ ልጁን ከነታኬታው መኪና ውስጥ ከትቶ እኛ ቤት መጣ።

አባቴ በሩን ከፈተ። በሰርግ በለቅሶ ይተዋወቃሉ። "ቶሌ! ግባ እንጂ፣ ምን እግር ጣለህ?" አለው። ቶሌራ አልተቀመጠም። ወደ ልጁ ዞሮ "እኔ አልናገርልህም። አብሬህ ግን እቆማለሁ። ንገራቸው" አለው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ በእንግሊዝኛ ተናገረው። ነፍሰ ጡር ናት፣ የኔ ነው አለ።

እማዬ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። አባቴ ልጁን ሊያንቀው ተነሳ። ቶሌራ መሃል ገባና "ጋሽ በቀለ፣ መምታት ካለብህ እኔን ምታኝ" አለው። ከዚያ በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። በሥራ ድምፁ ነው የጠየቀኝ።

"ሳሮን፣ ራስሽን እንዳመመሽ ነው?"

"አዎ።"

"ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገርስ?"

"ከትናንት ጀምሮ።"

አባቴ "ምን ዓይነት ውርደት ነው ይሄ! ሰው ምን ይላል?" እያለ ይጮሃል። ቶሌራ ክንዱን ያዘውና እስከ ዛሬ የማልረሳትን ቃል ተናገረ፦

"ማፈሩ ይቆየን ጋሼ። መጀመሪያ ሐኪም።"

እማዬ በቤት ጫማዋ ነው የወጣችው። እሱ ድራይቭ እያደረገ ሆስፒታል ደውሎ ነበርና ስንደርስ ዊልቸር ይዘው ጠበቁን። ደም ግፊቴን ለክታ ነርሷ እየሮጠች ወጣች። እርግዝናው ያመጣው ግፊት ነው፣ አንቀጥቅጦ ሊጥለኝ ጫፍ ደርሷል። ዶክተሯ ለእናቴ "ብትቆዩ ኖሮ ሁለቱንም ልታጡ ትችሉ ነበር" አለቻት። በማግስቱ ልጄን ያለ ጊዜው አወጡት። መዳፍ የሚያክል ነገር ነበር።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። ቶሌራ ግን ሺፍቱን ሲጨርስ ሕፃኑ የተኛበት ክፍል እየመጣ ከአባቴ ጎን ይቀመጥ ነበር። ስለኔ አያወሩም። ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን አባቴ ራሱ ተነሳና እጁን ሕፃኑ በሚሞቅበት የመስታወት ሳጥን ቀዳዳ አስገብቶ የልጄን እግር ነካ።

የልጄ አባት ዳይፐር መቀየር ሲፈራ ደግሞ ኮች "ፔናልቲ ስትመታ እንዲህ ተንቀጥቅጠህ አታውቅም" ብሎ ነርሶቹን ሁሉ አሳቃቸው። አስተማረው። ልጁ እስካሁን አልጠፋም፣ አባት ነው።

ስንቶቻችንን እንደዚህ እንዳዳነ አላውቅም። ለማንም ተናግሮ አያውቅማ። ሞተ የሚለው ቃል ከስሙ ጋር አልሄድ አለኝ።

ጋሼ ቶሌራ፣ ስትወድቅ አጠገብህ ነርስ አልነበረም። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ሁላችንም ጋ ደርሰህ፣ አንተ ጋ የደረሰ የለም።

ዛሬ የሆነ ቦታ አንድ ልጅ ፈርቶ ተቀምጧል፤ ጓደኛው አርግዛ፣ ራሷን እያመማት። ለማን ይንገር? ለእኔ ይንገረኝ። ኢንቦክሴ ክፍት ነው። አልቆጣም፣ ለማንም አላወራም፣ መኪናዬን አስነስቼ እመጣለሁ።

አንተ በቃህ ጋሼ፣ ደክመሃል። ደህና ሁን፤ አረፍ በልልኝ።