በር ላይ ነኝ ያልኩ ቀን

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ለሚደረግ የቴኒስ ውድድር፣ ከውጭ የሚመጡ ተጫዋቾችን ቤታቸው የሚያሳርፉ ቤተሰቦች ይፈለጋሉ ሲባል፣ ሳትጠይቀኝ አስመዘገበችን። "ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ዋን ዊክ" አለችኝ። ክሊንተንቪል ሰፈር ያለው ቤታችን ምድር ቤቱ ውስጥ ትርፍ አልጋ አለው። እንግዳ መቼም እንግዳ ነው፣ እሺ አልኩ።

የመጣችው ከፖላንድ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ከራሷ የሚበልጥ የራኬት ቦርሳ የተሸከመች፣ ስታያት አንጀት የምትበላ ልጅ። አሰልጣኟ አባቷ ናቸው። "በዚህ ሰመር ማጣሪያ አልፈሽ አንድ ዋና ውድድር ካልገባሽ ቴኒሱ ይበቃል፣ ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ" ብለዋታል። ያንን ሰመር ከከተማ ከተማ እየዞረች በየማጣሪያው ወድቃለች። የቀራት የእኛው ከተማ ብቻ ነበር። እኛ ጋ ግን የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈች። ማጣሪያውን ለማለፍ አንድ ቀራት።

ጨዋታው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሦስት ተኩል ላይ አደርስሻለሁ አልኳትና፣ ማታ ለደስታዋ የምንቆርሰውን ድፎ ዳቦ ላመጣ በጠዋት የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ክሊቭላንድ አቬኑ ብቅ አልኩ። መሸነፏ በሐሳቤም አልመጣ! ሱቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ያላየኋቸው አንዲት የማውቃቸው እትዬ አገኙኝ። ምነው ጠፋሽ፣ ልጅሽ እንዴት ናት፣ ወንድምሽስ ዳነ? ታዲያ እሳቸውን አቋርጦ መሄድ አለ?

ስልኬ ጮኸ። እንግዳዋ ልጅ ናት፣ የት ደረስሽ ብላ ጽፋለች። "አምስት ደቂቃ" ብዬ ጻፍኩ፤ ዳቦው ገና አልተጠቀለለም። ትንሽ ቆይታ "ታክሲ ጠርቻለሁ፣ አትቸገሪ" አለችኝ። እንግዳዬ ከቤቴ በታክሲ? ነውር አይደለም እንዴ! "ኖ፣ ኖ፣ ካንስል አድርጊው፣ በር ላይ ነኝ" አልኳት። የእኛ ሰው ቢሆን፣ በር ላይ ነኝ ያለ ሰው ገና ጫማውን እየፈለገ መሆኑን ያውቃል። እሷ ምን ታውቅ፣ አመነችኝ። ታክሲውን መልሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ስደርስ አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቦርሳዋን አቅፋ መኪናው ውስጥ ገባች። የትራፊክ መብራቱ ሁሉ ቀይ፣ መኪና ማቆሚያው ሙሉ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ዳኛዋ ሰዓቷን አሳየችን። አሥራ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ተሸናፊ ነው፤ ደንቡ ይኸው ነው። እኛ አሥራ ዘጠኝ አርፍደናል። ተጋጣሚዋ ራኬቷን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት ዳኛዋ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። "እንቅልፍ ጥሎኝ ነው" አለች።

እውነቱን ብናገርስ ምን ይለወጣል አልኩ በሆዴ። ውሸቴን ነው፤ አፍሬ ነው። እዚያ የቆመው ሁሉ ዞሮ እንዳያየኝ ፈርቼ ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለአባቷ ደወለች። ፖላንድኛ አንድ ቃል አልሰማም፤ ግን እየተነገራት ያለውን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ስታለቅስ እንኳ ድምፅ የላትም። ቤት ደርሼ መኪናውን ሳቆም ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። "አባቴ ሊያናግርሽ ይፈልጋል።"

ነግራቸዋለች አልኩ። እውነቴን ነው፣ ነግራቸው በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

"እመቤት፣" አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ "ልጄን ስላሳረፍሽልኝ አመሰግናለሁ። በሰዓቷ መነሳት አቅቷት አንቺንም አስቸገረችሽ። ይቅርታ አድርጊልን።"

ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች ነው።

"ኧረ ምንም አይደለም፣ ልጅ ናት እኮ" አልኳቸው። "ይቅር ብያታለሁ።"