ሽምግልና አላፈረስኩም

ሽምግልና አፈረሰች ተብሎ የሚወራብኝ ሐሰት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሴቶች ሰላም ሳይሉኝ ሲያልፉ ነገሩን ጠረጠርኩ። የነገረችኝ ሦስተኛዋ ናት... «እትዬ አስካለ፣ የብዙነሽን ዕርቅ ረግጠው ወጡ አሉ።»

ዕርቅ አልነበረም። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ብዙነሽ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ሕንጻ የምንኖር ጎረቤቴ ናት፤ የምትሠራው እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ከብዙ ሰው ጋር ሆና ስልክ የሚሠራ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከሳለች። ክሱ ቀላል ነው፤ ስልኩ ላይ የሚጫን አፕሊኬሽን ሁሉ ከራሱ ሱቅ ብቻ እንዲገዛ አድርጎ፣ ተወዳዳሪ አስወጥቶ፣ ዋጋ ይቆልላል የሚል ነው።

ኩባንያው ደግሞ «ስልኩን ስትከፍቱ ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጭናችኋል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት አትሄዱም» ይላል። ማንም አንብቦ በማይጨርሰው ውል ውስጥ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ለብቻው፣ በዝግ በር፣ ውሉ ላይ በተጻፈው ድርጅት ዘንድ ይዳኝ የሚል አንቀጽ ሸጉጧል። እዚያ የተወሰነ ነገር ደግሞ ከእንግዲህ አይነቀነቅም ማለት ይቻላል።

ባለፈው ሐሙስ የኩባንያው ጠበቆች ቃሏን ለመቀበል አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ ቢሮ ጠሯት። ብቻዬን አልሄድም ስላለች ጠበቃዋ አስፈቅዳልኝ አብሬያት ሄድኩ። ጥግ ይዤ ዝም እንድል ተነግሮኝ ነበር...

አስተርጓሚው የእኛው ሰው ነው። ከጌይተርስበርግ የመጣ፣ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ አማርኛው ያልተስተካከለ። «ማዘር፣ ሪላክስ ያድርጉ፣ ጥያቄው ኢዚ ነው» አላት። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

የኩባንያው ጠበቃ ዋናውን ጥያቄ አመጣ። ውሉን ስትቀበይ፣ ክርክርሽ ከፍርድ ቤት ውጭ በዚያ ዓይነት ዳኝነት እንዲያልቅ ተስማምተሻል ወይ ነው ጥያቄው። አስተርጓሚያችን ዞር ብሎ እንዲህ አላት፦

«ጉዳዩ በሽምግልና እንዲያልቅ ተስማምተዋል?»

የብዙነሽ ፊት በራ። «እንዴታ፣ ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል?» አለች። ነጠላዋንም አስተካከለች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀችው፤ በእሷ ወገን አንድ ቄስ ቢጨመሩላት ደስ እንደሚላትም ነገረችው። እሱ ያን ሁሉ ዘሎ በእንግሊዝኛ «አዎ፣ ተስማምቻለሁ» ብሎ አቀበላቸው።

ቃል የምትመዘግበዋ ሴት መልሱን በማሽኗ ጻፈችው። ጠበቃው ፈገግ አለ። 

እኛ አማርኛ የተማርነው ቃል በሳትን ቁጥር እየተንበረከክን ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም። ተነሥቼ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ የተጠየቀችው ሌላ፣ የመለሰችው ሌላ መሆኑን ተናገርኩ። የብዙነሽ ጠበቃ ተቃውሞዋን አስመዘገበች፤ መልሱ ግን እንደተጻፈ ቀረ። እኔን አስወጡኝ።

በዕረፍቱ አስተርጓሚው ኮሪደር ላይ አገኘኝ።

«እትዬ፣ ለምን አካበዱት? ያው ነው እኮ።»

ያው! በዚህ አገር ስንት አማርኛ የተቀበረው በዚህች ቃል ነው።

የሕጉ አማርኛ «የግልግል ዳኝነት» እንደሚለው ነገርኩት። ሳቀ። ግልግል ብላቸው «ማን ተደባደበ?» ይሉኛል አለ። እዚህ ላይ እንኳ አልተሳሳተም፤ ብዙነሽ እንደዚያ ማለቷ አይቀርም ነበር። ያልገባትን ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ የምትወደውን ቃል ማጉረስ ግን ማታለል ነው።

«ስታገባ ሽማግሌ ልከሃል?» አልኩት።

«ልኬያለሁ።»

«የልጅቷ አባት እምቢ ማለት ይችሉ ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ እምቢ ብለውኝም ነበር» አለ፣ ሳያስበው።

«ይሄኛው እምቢ አይባልም። ሽማግሌ ካላስማማ ዳኛ ዘንድ ይኬዳል፤ ይሄ የዳኛውን በር ቆልፎ ነው የሚጀምረው። ታዲያ ምኑ ነው ያው?»

ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ።

ስንለያይ ጠበቃዋ ነገረችን። መልሱ ሊታረም ይችላል፤ ማረም የምትችለው ግን ብዙነሽ ራሷ ብቻ ናት፣ ጊዜውም አጭር ነው። ካልታረመ ኩባንያው «በአፏ አምናለች» ብሎ ከፍርድ ቤት ሊያስወጣት ነው። ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። አልሰማችኝም። ሽማግሌ እሺ ብዬ ቃሌን አላጥፍም አለች።

በባቡር ስንመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። የተናገረችው በሯ ላይ ስንደርስ ነው።

«ሊያስታርቁን ነበር እኮ... እርስዎ ሽማግሌ የምጠላ አስመሰሉኝ።»

በሩን ዘጋችብኝ። ወሬው ከየት እንደወጣ አሁን ገባችሁ። በእሷ አልተቀየምኩም። ሽምግልናን የሚያህል ነገር ወስደው ለወጥመዳቸው መሸፈኛ ያደረጉት ናቸው የሚያስጠሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሣም፣ ባንኳኳ አትከፍትም።

ስለዚህ ነገ መጀመሪያ ፔትዎርዝ ሰፈር ላሉት ለአቶ መኮንን እደውላለሁ፤ ብዙነሽ እንደ አባት ነው የምታያቸው። ቀጥሎ የንስሐ አባቷን እለምናለሁ። ሁለቱን ወደ ቤቷ ልኬ እኔ ታች፣ ደረጃው ሥር እቆማለሁ። ታረቂ ካሏትና ከታረቀችኝ፣ መልሷን እንድታርም እዚያው ለጠበቃዋ አስደውላታለሁ።

እምቢም ልትል ትችላለች... ሽምግልና ነዋ።