ወፍራም ድምፅ ፍለጋ

ተገኘ። እውነቴን ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ተገኘ፤ ያውም ማንም ካልጠበቀው አፍ።

የምሥራቹ የልብስ ሰፊዋ ነው። እሷ ጸጉሯ ሳይሸብት ጀምሮ በሰፈሩ የኅብረት ዘፈን ቡድን ዘፍናለች። የሁሉንም የመድረክ ልብስ የሰፋችውም እሷው ናት፤ ለወንዶቹ ሱሪና ሸሚዝ፣ ለሴቶቹ ረጅም ቀሚስ። የማን ሆድ ምን ያህል እንደገፋ ታውቃለች፤ ከአፏ ግን አይወጣም።

ነገር የመጣው በእህቷ ልጅ ነው። ቡድኑ ልጅቷን ወንድ ናት ብሎ በወንዶቹ ረድፍ አቁሟት ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ «እኔ ሴት ነኝ፤ ሁልጊዜም ነበርኩ። ከሴቶቹ ጋር ልቁም» አለቻቸው። አክስትየዋ ዓይኗን ሳታሽ ከራሷ ቀሚስ በተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ ቀሚስ ሰፋችላት።

የቡድኑ መሪ ቀሚሱን ሲያይ ግንባሩ ተኮማተረ። «ይሄን ተርትሪና ሱሪ አድርጊው። አለዚያ ልጁ አይመጣም።»

«ልጅቷ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ልጁ።»

«እንግዲያው እኔም የለሁበትም።»

«መቀስሽንም ይዘሽ ሂጂ» አለ ከኋላ ረድፍ፣ በድምፁ ነጎድጓድ የሚሉት የጭነት መኪና ሹፌር። ሰዉ ሳቀ። አንጀቷን የቆረጣት የመሪው ነገር አይደለም፤ የነጎድጓድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሆዱ በገፋ ቁጥር የሸሚዙን ጎን ለማንም ሳትናገር ስትለቅለት ኖራለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የስፌት መኪናዎቹን ወደ ግድግዳ እየገፉ ሱቋ ውስጥ ይዘፍናሉ፤ እሷ፣ ልጅቷ፣ አንዲት የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም፣ ደግሞም ወንድ ፍቅረኛውን ደብቆ የኖረው ዳቦ ጋጋሪ፣ አሁን ከነፍቅረኛው። የሰፈሩ አዳራሽ ዘፈናቸውን እንዲያቀርቡበት መድረክ ሰጥቷቸዋል። ወፍራም ድምፅ ግን የለም፤ ዘፈኑ ከታች የሚይዘው አጥቶ ይንሳፈፋል።

«አክስቴ፣ በኔ የተነሳ ጓደኞችሽን አጣሽ» አለቻት ልጅቷ።

«ያጣሁት ሆዳቸውን መለካት ነው። እፎይ ብያለሁ» አለች።

ዛሬ እየዘፈኑ ሳለ ነጎድጓድ ፌስታል አንጠልጥሎ በሩ ላይ ተገተረ። ማንም ዘፈኑን አላቋረጠም። አዝማቹ ሲደርስ የሰውየው አፍ በገዛ ፈቃዱ ተከፈተና ሱቁ ተንቀጠቀጠ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ልብስ ሰፊዋ ሲጨርሱ።

«ሸሚዜ ጎኑ ፈነዳ፣ እትዬ። አዲሱ ሰፊ መተንፈሻ አልተወልኝም።» ልጅቷን አየ፣ ጫማውን አየ። «ያን ዕለት ክፉ ተናገርኩ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«መቀሱን ይዛችሁ ሂዱ ያልከን አንተ» አለችው ልጅቷ፣ «አሁን ሸሚዝህ ቢፈነዳ ማንን ትወቅሳለህ?»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። ቀጥሎ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ወንዶቹ በየት በኩል ነው የሚቆሙት?» አለ።

«እዚህ ረድፍ የሚለየው በድምፅ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እየጣለች። «ወፍራም ድምፅ ካውያው ጋ። ና፣ መጀመሪያ ልለካህ።»

በሉ ልሮጥ። ጥርስ ሐኪሟ ዛሬ አልመጣችም፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልንገራት።