የኮንሱዌሎ ቀይ ሾርባ

መርዕድ ሰው አይለምንም። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ በር ለበር ስንኖር ከእኔ ጨው እንኳ ተበድሮ አያውቅም። እንዲህ ያለው ኩሩ ሰው በፈረንጆቹ 2009 ያንን ክፉ ብርድ የከረመው ከአንዱ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ፣ "እባካችሁ፣ ልጄ የምትበላው ቀይ ሾርባ አላችሁ?" እያለ ነው።

መርዕድ የኮልፌ ልጅ ነው። አገር ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ እዚህ ሬክስዴል ዳቦ ፋብሪካ ገብቶ ዳቦ ያሽጋል። ሚስቱ ምሥራቅ እርጉዝ ሆና ቀድማው ሎስ አንጀለስ ገባች። እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ፣ ወረቀቱ ዛሬ ያልቃል ነገ ያልቃል ሲባል ዓመታት አለፉ። ልጁን ናኦሚን በዓይኑ ያያት ሁለቴ ብቻ ነው። ምሥራቅ ሆቴል ስትሠራ ውላ ማታ ስለምትገባ ልጅቷን የምትይዝላት ኮንሱዌሎ የምትባል ሜክሲኳዊት ጎረቤቷ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን ምሥራቅ ከሥራ ስትመለስ መኪና ገጭቷት ሞተች። የአምስት ዓመቷ ናኦሚም ከማታውቀው አባቷ ጋር ልትኖር ቶሮንቶ መጣች።

ስትመጣ የእናቷን ሞት አታውቅም። እዚያ ያሉት ዘመዶች "ማሚ ሥራ ላይ ናት" ብለው ነው የላኳት። ለትልቅ ሰው ቢሆን ወጉ ይታወቃል፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ያረዳል፣ ደግፎ ያስለቅሳል። ለሕፃን ማን ያረዳል? የሕንፃችን ሽማግሌ አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ "መጀመሪያ ቤቱን ትልመድ፣ መርዶው የትም አይሄድም" አሉ። ሁሉም ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ፣ "ልጅ እኮ ሞኝ አይደለም" ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!

ልጅቷ ግን አልበላ አለች። መርዕድ ሥራ ሲውል እኔ ነኝ የምይዛት። እንቁላል ጠበስኩላት፣ ሩዝ ቀቀልኩላት፣ የድንች ጥብስ የሚሸጥበት ሁሉ ወሰድኳት። አፏን ግጥም! ትንሽ ወተት ትጠጣለች፣ ከዚያ ሳህኑን በጣቷ ገፋ ታደርግና፣ "ኖት ዲስ ዋን። ኮንሱዌሎስ ሱፕ። ዘ ሬድ ዋን" ትላለች። አማርኛ አታውቅም። እናቷ ከመድከሟ የተነሳ ለማስተማርም ጊዜ አልነበራትም።

ኮንሱዌሎን መጠየቅ ነበር። ስልኳ አይሠራም፤ ቤቱን ለቃለች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። የምሥራቅ ዘመዶችም ሾርባውን አይተውት አያውቁም።

ስለዚህ መርዕድ ፍለጋ ወጣ። የዛን ጊዜ ቶሮንቶ እንደ ዛሬው በየመንገዱ የሜክሲኮ ምግብ የሚሸጥባት አልነበረችም። ብሉር ጎዳና ላይ አንዱ ጋ ሾርባ ብለው የሰጡት ባቄላ ላይ አይብ የፈሰሰበት ነገር ነው፤ እኔ የአሳማ ነገር ይኖርበታል ብዬ በሩቁ ነው ያየሁት። ኬንዚንግተን ማርኬት ሄዶ ላዩ ላይ ቲማቲም የተሳለበትን ጣሳ ሁሉ ሰብስቦ መጣ። ሌላ ቦታ በትልልቅ የበቆሎ ፍሬ የተሠራ፣ በእውነት ቀይ የሆነ ሾርባ አገኘና በበረዶ ውስጥ ደረቱ ላይ አቅፎ አመጣላት። ናኦሚ ክዳኑ ሲከፈት ተንጠራርታ አየች። ከዚያ ፊቷን አዞረች። አንድ ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ቲማቲም አብስሎ፣ ቀላ እንዲል ብሎ በርበሬ ጣል አደረገበት። ልጅቷ ስታስል አመሸች፤ እኔም አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት።

ዶክተሩ ሲመዝናት ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ከቀጠለች ሆስፒታል አስተኝተን በአፍንጫዋ በቱቦ ነው የምንመግባት አለ። በዚያው ማታ መርዕድ የእኔን በር አንኳኳ። ሲቆም ግድግዳውን ተደግፎ ነው።

"እትዬ ሀጂራ፣ ልጄ እጄ ላይ ልታልቅብኝ ነው" አለኝ። "እናቷ አሳድጋ ሰጠችኝ፤ እኔ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ አቃተኝ። ምን ዓይነት አባት ነኝ?"

"አባትማ አባት ነህ" አልኩት። "አሁን ግባና እህል ቅመስ፤ አንተም እኮ ከስተሃል።" ምስኪን ሰው፣ ለሐዘኑ እንኳ ጊዜ ያላገኘ! ሚስቱን አልቅሶ ሳይጨርስ ሾርባ ፍለጋ ይዞራል።

ፋብሪካው ውስጥ ሉፔ የምትባል ሜክሲኳዊት ነበረች፤ በቅርቡ የመጣች፣ ከእሱ ጎን ቆማ የምታሽግ። ያፍር ስለነበር ጠይቋት አያውቅም። በማግስቱ ግን በምሳ ሰዓት ሁለቱም በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ሲያወሩ ዘረገፈላት። የትኛው ምግብ ቤት ልሂድ አላት።

ሉፔ፣ "ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?" አለችው።

"አምስት።"

ሳቀች። "የትም ምግብ ቤት አታገኘውም። ማን ይሸጠዋል? ይሄ እናት ቤት ውስጥ ለልጇ የምትሠራው ነው።"

ቅዳሜ ዕለት ራሷ መጣች። እኔም ነበርኩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ፓስታ ሰባብራ በዘይት ቡናማ እስኪሆን ጠበሰች፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ ጨመረችበት፤ ውኃ አፈሰሰችበት። በቃ! ይህን ያህል መከራ ያየንለት ነገር ይኸው ነው? ገና ሽታው ሲወጣ ናኦሚ ከመኝታ ቤት ሮጣ መጥታ ወንበሯ ላይ ወጣች። ሉፔ በስፓኒሽ አንድ ነገር አለቻት፣ እሷም በስፓኒሽ መለሰችላት። አባቷ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ልጁ ያንን ያህል ቃል ስታወራ ሰምቶ አያውቅም።

በላች። ማንኪያውን በእጇ ይዛ፣ ማንም ሳይለምናት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በላች። መርዕድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ሉፔ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። እኔም እልል ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ናኦሚ አፏን በእጅጌዋ ጠረገችና ከወንበሩ ወረደች። ጃኬቷን ከማንጠልጠያው ጎትታ ለበሰች፤ ቡትሷን ግራና ቀኙን አቀያይራ አጠለቀች፤ ሄዳ በሩ አጠገብ ቆመች።

"ናኦሚዬ፣ ዌር አር ዩ ጎዊንግ?" አላት አባቷ እየሳቀ።

"ሆም" አለችው። "አይ ፊኒሽድ ማይ ሱፕ። ማሚ ኢዝ ካሚንግ ናው።"

ያኔ ገባኝ። ኮንሱዌሎ ጋ በየማታው ሾርባው ሲያልቅ በሩ ይንኳኳል፣ የምታንኳኳው ምሥራቅ ናት፣ ልጇን አቅፋ ትሄዳለች። ማሚ ሥራ ላይ ናት ብለናታል፤ ከሥራ መልስ እናቷ የምትመጣው ደግሞ በዚያ ሾርባ ነው። ሌላውን ሁሉ በልታ ምን ታድርግ?

መርዕድ በርከክ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እሷ ግን ከትከሻው በላይ በሩን ነው የምታየው። ጎህ አልነበረም፣ ዘመድም አልተሰበሰበም፤ እኔና አንዲት ማንኪያ የያዘች ሜክሲኳዊት ብቻ ነን። እንግሊዝኛው ጠፋበት መሰለኝ፤ ወይም እንዲህ ያለው ነገር ከአንጀቱ የሚወጣለት በአማርኛ ብቻ ነው።

"ማሚ አትመጣም፣ የኔ ልጅ" አላት። "ማሚ ሞታለች።"

ናኦሚ አባቷን አየችው። እንባውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ "ዋት ዲድ ሂ ሴይ?" አለችኝ።