ለሐኪም የደበቅሁት ስግደት

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዳባት ገበያ ስመለስ ዳገቱ ላይ ግራ ብሽሽቴን ወጋኝ። ብርድ ነው አልኩ፤ እኛ አገር መቼም ብርድ የማይታማበት ሕመም የለም። ቅቤ አሸሁትና ተውኩት። በዓመቱ ጎንበስ ብዬ ጫማ ማጥለቅ አቃተኝ።

ጎንደር ወረድኩ። ራጅ ተነሣሁ፤ ኤም አር አይም ታየሁ። ሐኪሙ አልሸፋፈነም።

«አቫስኩላር ኔክሮሲስ ይባላል። የጭንሽ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል። መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ይተካል።»

አላለቀስኩም። እግሬን አየሁት። የሌላ ሰው እግር መሰለኝ።

አጥንት ውስጥ የሚገባውን ብረት በኮምፒውተር የምትነድፍ አንዲት ወጣት ኢንጂነር ደብተር ይዛ መጣች።

«ብረቱን ማወፈሩ ቀላል ነበር፣ እትዬ» አለችኝ። «ግን ሸክሙን ሁሉ ብረቱ ከወሰደው አጥንቱ ሥራ ይፈታል፤ ይሳሳል፤ ያኔ ብረቱ ይላላል። ካቀጠንነው ደግሞ ይሰበራል።»

የምትፈልገው የመሃሉን ቅርጽ ነው። ግን የሰው እርምጃ አንድ አይደለም፣ ክብደቱም ይለዋወጣል፣ የአጥንቱም ጥንካሬ ልክ አይታወቅም። ስለዚህ ለአንድ እርምጃ ሳይሆን ሊመጣ ለሚችለው ሁሉ፣ ለክፉው ቀንም ጭምር፣ ደጋግማ ታሰላለች።

ምን እንደምሸከም ጠየቀችኝ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዬ፣ ዳገት፣ አልኳት።

«ስግደትስ?»

«እንዲያው… አልፎ አልፎ።»

ዋሸሁ። በእኛ ዘንድ የስግደት ቁጥር ለንስሐ አባት እንጂ ለሌላ አይነገርም፤ ማውራቱ ውዳሴ ከንቱ ነው። እሷም የነገርኳትን ጻፈች።

አስታማሚ ሆኖ አብሮኝ የወረደው ታላቅ ወንድሜ ቄስ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ፣ ቤትሽ ያለው ሰሌን ጉልበት የሚያርፍበት ሁለት ቦታ ተበስቷል። አይጥ ነው?»

«አባ! እርስዎም እንዲህ ይሉኛል?»

«ለጎረቤት ብታወሪው እቆጣሽ ነበር። ለሐኪም ግን ሕመምሽን መናገር ነው።»

በሹክሹክታ ነገርኳት። በዐቢይ ጾም በቀን መቶ ሃያ፤ በሰሞነ ሕማማት አልቆጥርም። አልሳቀችም። የጻፈችውን ሰረዘች።

«ይህን ሳላውቅ ብሠራው ይላላ ነበር። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።»

«እንግዲህ እተወዋለሁ» አልኳት።

«ይተዉታል ብዬ አላሰላም» አለችኝ፤ አሁን ሳቀች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። መዶሻ ሰማሁ። አልታመምኩም። ድምፁ ግን ጥርሴ ድረስ ደረሰ። በማግስቱ አቆሙኝ።

ከዚያ በኋላ ባለ አራት እግሩን መደገፊያ ዎከር ይዤ፣ ከዎከር ወደ ክራንች፣ ከክራንች ወደ አንድ ዱላ እያልኩ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን እንቅስቃሴ ጧትና ማታ ሳላጓድል እየሠራሁ፣ ስግደቱንም ንስሐ አባቴ በቁም ጸሎት ለውጠውልኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ እስከ ኮሶዬ ተጉዤ እህቴን ጠይቄ ለመመለስ በቃሁ። ዛሬ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ቅዳሴ ቆሜ አስቀድሳለሁ።

ለሐኪሙም፣ ለዚያች ልጅም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ ሕመም የያዛችሁ እህቶቼ፣ ብሽሽት የሚወጋ ነገር ሲመላለስባችሁ ዓመት አትጠብቁ። ስትጠየቁም የምትሸከሙትን፣ የምትወጡትን፣ የምትሰግዱትን አታሳንሱ፤ ብረቱ የሚሠራው በቃላችሁ ልክ ነው።

እኔ ከዳንኩ በኋላ ወንድሜ አንድ ማክሰኞ ለብቻው አውቶቡስ ተሳፍሮ ጎንደር ወረደ። ለዓመታት ጉልበቱን ያመው ኖሯል፤ ለማንም አልተነፈሰም። ሐኪሙ በማኅሌት ስንት ሰዓት እንደሚቆም ሲጠይቀው፣ በጣቱ እየቆጠረ አንድ በአንድ ነገረው።