ያልተተከለበት ደጅ

እመይቴ ግቢያቸውን እንዳለማላቸው ያስጠሩኝ በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ መሬቱን ገና ማራስ ሲጀምር ነበር። ቤታቸው በደብረ ታቦር ከቀሩት የድሮ ባለ ሰገነት ቤቶች አንዱ ነው። አማታቸው በድንጋይና በጭቃ ያሠሩት፣ የእንጨት ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ ቤት። ትርፍ ቤት ሲወረስ ከገበያው በላይ የነበሯቸው ቤቶች ሄደው ይህ ብቻ ቀረላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ደጁ ባዶ ሜዳ ሆኗል፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ።

እኔን አትክልት ያስተማረኝ ሰው የለም። ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኝነት ስሠራ አየሁ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየዞርኩ ጽዱና ወይራው እንዴት እንደቆመ አየሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ተክዬ የደረቀብኝ ነው። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሚያነክስ ብሔራዊ ውትድርና አልፈለገኝም። የእመይቴን አንድያ ልጅ ግን ወስዶታል። እኩያዬ ነበር፤ አንድ ክፍል ተምረናል። እመይቴ ወደ ግቢው ስገባ ሁልጊዜ አስቀድመው የሚያዩት እግሬን ነበር። ቅናት አልነበረም። ምን እንደነበረ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም።

«ሲመጣ ባዶ ሜዳ እንዳያገኝ» አሉኝ። «ከበሩ እስከ ደረጃው ሙላልኝ። መርፌ መጣያ እንዳትተው።»

በአገራችን የሚተከለው ጓሮ ነው። ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ ከቤት ጀርባ ነው ቦታው። ደጅ ክፍት ይተዋል። ሰርግ ሲሆን ዳስ ይጣልበታል፤ ሞት ሲሆን ድንኳን ይቆምበታል፣ ለቀስተኛ ይሰበሰብበታል። ይህን ለእመይቴ መንገር ለእኔ አይገባኝም ነበርና ችካሌን መትከል ጀመርኩ።

የነገሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው፤ በደጉ ዘመን የባለቤታቸው በቅሎ ጫኝ የነበሩ ሽማግሌ። አጥሩን ተደግፈው ሥራዬን ሲያዩ ቆዩና፣

«እመይቴ፣ ደጁን በአበባ ሊዘጉት ነው እንዴ? እኛ ስንሞት በየት ልንወጣ ነው?» አሉ።

«አንተ ስትሞትማ በአጥሩ ላይ አሻግረን እንወረውርሃለን።»

«እሱስ ይሁን፣ ቀላል ነኝ። የልጁ ሰርግስ? ዳሱ የት ሊጣል ነው?»

«ለሰርጉ ሜዳ አይጠፋም። እኔ ይህን የማስተክለው ለቅሶ እንዳይቆምበት ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከልጁ ወሬ ከተሰማ ከዓመት በላይ ሆኖ ነበር።

ከደረጃው አጠገብ ልጁ ራሱ የተከለው የኮክ ዛፍ አለ። ሲባጎዬን ከእሱ ግንድ አስሬ ነው ግቢውን የለካሁት። መሬቱ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በላይኛው በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ቆፈርኩ። አጥሩን ተከትዬ ቀጋ ተከልኩ፣ እሾሁ እንዲጠብቅ። በግራና በቀኝ ነጭ ጽጌረዳ በመደዳ፣ ከበሩ አንሥቶ ሰው የሚያልፍበት ጠባብ የድንጋይ መንገድ። የጽጌረዳውን ቁራጭ ከየሰው ግቢ ለምኜ ሰበሰብኩ፤ ለመሃሉ የሚሆነውን ከአጥሩ ጥግ በፍግ በደባለቅሁት አፈር መደብ ላይ ሥር እንዲይዝ አስቀመጥኩት። እመይቴ ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ። «እዚያ ጋ ሳሳ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ከላይ የሚታየው ከታች አይታይም። ወጥቼ አይና ወርጄ አስተካክላለሁ።

በሐምሌ መጨረሻ ከወንዙ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለቅም የእመይቴ የነፍስ አባት መጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ደጁን የት አደረስከው?»

«ዳር ዳሩ አልቋል፣ አባ። መሃሉ ቀረ።»

«መሃሉን ተወው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ውሃውን ነበር የሚያዩት።

«ገሳይ ከተማ አንድ ቁስለኛ ከጦር ሜዳ ተመልሷል። ከልጁ ጋር ነበሩ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ አላስፈለገም።

«መርዶው መቼ ነው የሚነገራቸው?» አልኩ።

«ፍልሰታ ደረሰ። እሷ በፍልሰታ ቆሎና ውሃ ነው የምትቀምሰው። አሁን ብናረዳት አትተርፍልንም። ጾሙ ይፈታ፣ አንጀቷን እህል ይንካው። እስከዚያ ሰው የሚቆምበትን አስቀርልን። ከጠየቀችህ ችግኙ አልደረሰም በላት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ግቢ መግባት ከበደኝ። እመይቴ ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ በመንገዱ ላይ እየተራመዱ «ይህ ሲመጣ ያብባል?» ይሉኛል። «ጽጌረዳ ቶሎ ያብባል፣ እመይቴ» እላለሁ። አፌ የሚለውን ጆሮዬ መስማት አይፈልግም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን መሃሉን እንደነገሩ ይተወው ነበር። እኔ የተዝረከረከ ዳር ማየት አልችልም። የጽጌረዳው መደዳ የሚያበቃበትን በሲባጎ አስምሬ፣ ማዕዘኑን አስተካክዬ፣ በመሃሉ የነበረውን ጠጠር ለቅሜ ጨረስኩ። ሰው በባዶ እግሩም ቢሆን ይቆምበታል ብዬ አስቤ ነው ጠጠሩን የለቀምኩት።

በፍልሰታ አጋማሽ አንድ ጠዋት እመይቴ ሰገነቱ ላይ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። «ሳሳ» አላሉም። ከዚያ በደረጃው ቀስ ብለው ወረዱና ባዶው መሬት ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«ይህን ለምን ተውከው?»

«ችግኙ አልደረሰም፣ እመይቴ።»

ወደ አጥሩ ጥግ አዩ። ቁራጮቹ ቅጠል አውጥተው ዝናቡ ላይ ያበራሉ።

«ችግኙማ ይኸው ደርሷል።»

እመይቴ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ሄዱ፤ ተመልሰው መጡ።

«ይህ ያላለቀ ሥራ አይደለም። ይህ ተለክቶ የተተወ ነው። ድንኳን ይበቃዋል» አሉ። «አባ ናቸው ያዘዙህ?»

ዶማውን ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

«ተወው፣ አትመልስልኝ። የማትችለውን ነው የጠየቅሁህ።» እጃቸውን የኮኩ ግንድ ላይ አደረጉ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሱም። «ማወቄን ለማንም እንዳትናገር። ሱባዔውን ልጨርስለት። ካረዱኝ በኋላ እንዲህ አድርጌ መጸለይ አልችልም።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። አባ እመይቴ እንዳያውቁ ይጠነቀቃሉ፤ እመይቴ ማወቃቸውን አባ እንዳያውቁ ይጠነቀቃሉ። በቡሄ ዕለት ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ጎረቤታቸው ሽማግሌ በአጥሩ ላይ ሙልሙል ሊያቀብሉ መጡ። ለወትሮው ቀልድ የማያጡት ሰው እጃቸው ብቻ ተዘረጋ። እሳቸውም ሰምተዋል ማለት ነው። እመይቴ ሙልሙሉን ተቀብለው፣ «ሲመጣ ይበላዋል ብዬ እንዳላስቀምጥለት ይሻግታል» አሉ፤ ድምፃቸው ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ቶሎ ሄዱ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌዎቹና አባ መጡ። እኔም ከኋላ ነበርኩ። እንደ መርዶ ነጋሪ ወግ ውጭ ቆመው ሊጣሩ ተዘጋጅተው ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ግን ተነሥቶ ነበር፤ ሲገፉት ተከፈተ። ያን ያስተዋለ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። እመይቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አባ የሚሉትን ሁሉ እስኪጨርሱ አላቋረጧቸውም። ከዚያ የጮኹት ጩኸት ግን ገና አሁን የሰማ ሰው ጩኸት ነበር። አስቀድመው ማወቃቸው ያቀልላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ድንኳኑ ልክ ሆነ። አልቃሽ የልጁን ልብስ ይዛ መሃል ቆመች፤ ከጉና ተራራ ወገብ ሳይቀር ዘመድ በእግርና በበቅሎ መጣ፤ ሰው ግን ከጽጌረዳው መደዳ አላለፈም። በዳሩ ጥቂት ብቻ ተረገጠ።

ተዝካሩ ወጥቶ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እመይቴ አስጠሩኝ። ነጩ ጽጌረዳ እዚህም እዚያም ማበብ ጀምሮ ነበር።

«አሁን ሙላው» አሉኝ። «ከእንግዲህ በዚህ ደጅ የማለቅስለት የለኝም።»

«ለእርስዎስ፣ እመይቴ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

ወደ ጎረቤታቸው አጥር አዩ። «እኔንም በአጥሩ ላይ አሻግረው ይወርውሩኝ» አሉ። ሊስቁ ሞክረው ነበር።

ችግኞቹን ከመደቡ አነሣሁ። መሬቱ በሰው እግር ተረግጦ እንደ አውድማ ጠንክሯል፤ ዶማው ሲያርፍበት ይነጥር ነበር። እመይቴ ሰገነቱ ላይ ወጥተው ቆሙ። ያን ቀን የትኛው ቦታ እንደሳሳ አልነገሩኝም።