ቁልፍ ያለው ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ለእህቱ ቀሚስ ሲሰፋ ቁልፍ አያደርግበትም። በራስ የሚጠለቅ፣ ወገቡ ላይ ላስቲክ ያለው፣ እጅ የማያስቸግር ቀሚስ ነው የሚሰፋላት። ምክንያቱን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። በወጣትነታቸው አብረው ሲሰፉ፣ እሱ የደጅ ወሬ ጠርቶት የጋለውን ካውያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትቶ ወጣ። ካውያው ሲንሸራተት እህቱ ሳታስበው በቀኝ እጇ ቀለበችው። ጣቶቿ ተኮማትረው ቀሩ። ከሁለቱ እጀ ወርቅ የነበረችው ደግሞ እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ አረፍ ብሎ አያውቅም። ያበስላል፣ ያጥባል፣ ጫማዋን ያስራል፣ ዳቦዋን ሳይቀር ቆርሶ ይሰጣታል። ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ነው። የጎረቤት ሚስቶች «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» እያሉ ባሎቻቸውን ስለሚወርፉበት፣ ባሎቹ ዓይኑን ማየት አይወዱም።

እሁድ እሁድ ሰባኪው የሰው ኃጢአት የሚሰረየው ክርስቶስ ባፈሰሰው ደም እንጂ በእኛ ልፋት እንዳልሆነ ሲያስተምር፣ እንደ ልብስ ሰፊው «አሜን!» የሚል የለም። ጣራው ሊነሳ ምንም አይቀረው። ቤት ሲገባ ግን ኮቱን ሳያወልቅ መጥረጊያ ያነሳል። እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ ሰው ደግነት አንዳንዴ ያበሽቃል።

አንድ ቀን እህቱ ሱቁ መጣችና ሰማያዊ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ቀሚስ ስፋልኝ። ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ ያለው።»

«ማን ሊቆልፍልሽ?»

«ራሴ።»

«እታለም፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

«ዳቦ ጋጋሪው ላግባሽ ብሎኛል። እሺ ልለው ነው።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ የሚቆርጠው ጠፋው። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱ የሞተችበት፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሳቂታ ሰው ነው። ቀደም ሲልም ጠይቋት እምቢ ብላዋለች፤ ወንድሟ በእጇ አፍራ መስሎት ተደብቆ አልቅሶ ነበር።

«ያኔ እምቢ ያልሽው በእጅሽ አይደል? በኔ ጦስ…»

«በእጄ? እሱማ አገላብጦ አይቶት፣ ‹ሊጥ ለማቡካት ምን አነሰው› ነው ያለኝ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «እምቢ ያልኩት ባንተ ነው። እኔ ከሄድኩ ማንን ልትክስ ነው? ይቅር ያልኩህ እኮ ገና ፋሻው ሳይፈታ ነው። አንተ አልቀበል አልክ። ጋሼ፣ እጄን ያቃጠለው ካውያው ነው። ቤት ያስቀረኝ ግን ያንተ ካሳ ነው።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ላድርግ? እጄን አጣጥፌ ልይሽ?»

«እሁድ እሁድ አሜን የምትለው ለምኑ ነው? ጌታ በመስቀል ላይ ሞቶ በከፈለው ላይ አንተ ሰሃን አጥበህ ልትጨምርበት ነው?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካት ጀመር።

ቀሚሱን ሰፋ። ትልልቅ ቁልፎች መረጠ፣ ቀዳዳዎቹንም ለቀቅ አደረጋቸው፤ ይህችን እንኳ መተው አልሆነለትም። እህቱ ልትሞክረው ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቆየች። እሱ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ስትወጣ አንዱ ቁልፍ ያለቦታው ገብቶ ቀሚሱ ተንጋዶ ነበር። አየውና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለልብስ ሰፊ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። «አምሮብሻል» አላት፤ ደግሞም አምሮባት ነበር።

ከተጋቡ በኋላ ሊጠይቃት ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው አጠገቡ ተቀምጦ ሲያጫውተው፣ እህቱ በዚያችው በተጎዳች እጇ ሻይ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩ የብርጭቆው ማስቀመጫ ሰሃን ላይ ይፈሳል። ልብስ ሰፊው ሊቀበላት ብድግ አለ። እህቱ ባለችበት ቆማ አየችው።

ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከቶ ጠበቃት። ቀስ ብላ መጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ጠጣ፣ ጋሼ።»

እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ጠጣው። ማስቀመጫው ላይ የፈሰሰውንም ጠጣ። ሲጨርስ ብርጭቆውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ እሱም ተወላት።